ሳንባችሁን አታድርቁት፣ አታቀዝቅዙት፦ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና፣ በየቤታችሁ የሚሞከሩ ነገሮች

የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ሳንባን «ስሱው አካል» ይሉታል። ከውጭ አየር ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እሱ ስለሆነ ብርዱም ድርቀቱም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው ይላሉ። ምክራቸው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው። የምታጨሱ ከሆነ ግን ከታች ያለውን ከመሞከራችሁ በፊት ማጨሱን ተዉ፤ የሲጋራን ጉዳት የሚያካክስ ቅጠልም ሾርባም የለም።

በትንፋሽ እንጀምር። «ሊዩ ዚ ጁዌ» የሚባል የቺጎንግ (ትንፋሽንና ዝግ ያለ እንቅስቃሴን የሚያጣምር የቻይና ስፖርት) ልምምድ አለ፤ ስድስት ድምፆችን እያወጡ መተንፈስ ነው። ታዎ ሆንግጂንግ (እ.ኤ.አ. 456–536) የተባለ ሊቅ ስድስቱን ድምፆች በጽሑፍ አስቀምጧቸዋል። የሳንባው ድምፅ «ስስስ» ነው። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ሆዳችሁ እስኪነፋ ድረስ በአፍንጫችሁ ቀስ ብላችሁ አየር አስገቡ፣ ከዚያ ጥርሳችሁን ገጠም አድርጋችሁ «ስስስ» እያላችሁ ሳትቸኩሉ አስወጡ። ስድስት ጊዜ ይበቃል። ዋናው ነገር ማስወጣቱ ከማስገባቱ ረዘም ማለቱ ነው። ዘመናዊ ሐኪሞችም የቆየ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ከንፈርን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ ማስወጣትን ያስተምራሉ፤ ይህን ያስቀደምኩት ለዚህ ነው። ካዞራችሁ አቁሙና እንደ ወትሮው ተንፍሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምግቡ ላይ ነው። በዚህ ሕክምና ሳል ሁሉ አንድ አይደለም። ጉሮሮን የሚከረክር፣ አክታ የሌለው ደረቅ ሳል ከሆነ የሚሰጠው የሚያረጥብ ነገር ነው፤ ታዋቂው ደግሞ በእንፋሎት የበሰለ ፒር (ፖም የሚመስል ፍራፍሬ) ነው። የፒሩን አናት ቆርጣችሁ እንደ ክዳን አስቀምጡት፣ ፍሬ ያለበትን መሐሉን አውጡ፣ ትንሽ ስኳር ጨምሩበት፣ ክዳኑን መልሱና ሳህን ላይ አድርጋችሁ እስኪለሰልስ ከግማሽ ሰዓት በላይ በእንፋሎት አብስሉት። ትኩሱን፣ ከነጭማቂው ብሉት። ስኳር በሽታ ካለባችሁ ስኳሩን ተዉት። ቀጭን ነጭ አክታ ያለው፣ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሳል ከሆነ ግን ፒር አይመከርም፤ «ቀዝቃዛ» ከሚባሉት ምግቦች ነውና። ለዚያ ትኩስ የዝንጅብል ውኃ ነው።

«ዪን ኧር» የሚባለው የቻይና ነጭ እንጉዳይም (የተለመደው እንጉዳይ አይደለም) እስኪዝለገለግ ተቀቅሎ ለድርቀት ይጠጣል። የደረቀውን ስትዘፈዝፉ ግን ለሰዓታት ብቻ፣ ረዘም ካለ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ሙቀት ውስጥ ሲያድር ማፍላት የማያጠፋው መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምናገረው።

በዚህ ሕክምና የሰውነት ኃይል በመስመሮች ይፈስሳል ይባላል፤ የሳንባ መስመር የሚባለው ከደረት ተነሥቶ አውራ ጣት ላይ የሚያልቅ ሲሆን 11 ነጥቦች አሉት። «ታይዩዋን» የሚባለውን ለማግኘት የእጅ አንጓችሁ መታጠፊያ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል፣ የልብ ምት የሚሰማበትን ቦታ ዳሱ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ እሹት፣ አትጫኑት።

ሐዘንም ከሳንባ ጋር ይያያዛል ብለው ያምናሉ። እኛም የከበደንን ስናወራ «ተነፈስኩ» እንላለን። ሐዘን ላይ ከሆናችሁ አልቅሱ፣ ለምታምኑት ሰው አውሩ፣ ዝም ብላችሁ አትያዙት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ኃይለኛዎቹን ዕፀዋት በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጠጡ። «ማ ሁዋንግ» (ኤፌድራ የሚባለው ተክል) ኤፌድሪን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለው የአየር ቧንቧን በእርግጥ ይከፍታል፣ ግን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተጨማሪ ምግቦች (ሰፕልመንት) ውስጥ ያገደችውም ለዚህ ነው። «ማ ዱ ሊንግ» የተባለው የድሮ የሳል መድኃኒት ኩላሊት የሚያበላሽና ካንሰር የሚያመጣ አሲድ አለው። በአፕሪኮት ዘር ውስጥ ያለው መራራ ፍሬም ሆድ ውስጥ ሲገባ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ይለቃል። «የተፈጥሮ ነው» መባሉ አያታልላችሁ።

አስም ካለባችሁ ኢንሄለራችሁን አታቋርጡ። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ደም ካሳላችሁ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ያለምክንያት ከከሳችሁ ፒሩን ተዉትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስትሄዱም የምትጠጡትን ቅጠል ሁሉ፣ ከተቻለ ከነማሸጊያው፣ ይዛችሁ አሳዩት።