ማራገቢያ ከመግዛትዎ በፊት ኬብሉን ይለኩ፦ የኃይል እጥረትንና ሙቀትን ስንፈትሽ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ወጣት ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለችውን ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ቦርዱ በጣም እየሞቀ በራሱ ይጠፋና ይነሣል» አለኝ። ሁለት ማራገቢያ ገጥሞለታል፤ ሲስተሙን አራት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኖታል፤ አንድ ሚሞሪ ካርድም ተበላሽቶበታል። ሙቀቱን ሳነበው 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፓይ 4 በ58 ዲግሪ አይጠፋም። ከዩኤስቢው ጋር የተገናኘው ሃርድ ዲስክ መሽከርከር ሲጀምር ግን ቦርዱ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ወደ 4.5 ወረደ። ጥፋቱ የቀጭኑ የስልክ ኬብል ነበር። ሁለቱ ማራገቢያዎችም በዚያው ኬብል በኩል ተጨማሪ ከረንት እየሳቡ ችግሩን አባብሰውት ኖሯል።

ይህንኑ ታሪክ በተለያየ ሰውና በተለያየ ቦርድ ደጋግሜ ስላየሁት ነው ይህን የምጽፈው።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ማመን

«3 አምፔር ይላል እኮ!» ይህን መልስ ያልሰጠኝ ሰው ጥቂት ነው። አዎ፣ ይላል። ጽሑፉ የሚናገረው ግን ቻርጀሩ አፉ ላይ ስለሚሰጠው ኃይል ነው፤ ቦርዱ ደግሞ የሚኖረው በኬብሉ ሌላኛው ጫፍ ነው። በመካከል ያለውን ሽቦ ማንም አይጠይቀውም።

እንቁጠረው። በርካሽ ኬብሎች ውስጥ የሚገኘው 28 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት መለኪያ ነው) የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.21 ኦም ገደማ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን የመቃወም ባሕርይ፣ አለው። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የአንድ ሜትር ኬብል ሬዚስታንስ 0.43 ኦም ያህል ይሆናል። ቦርዱ 2 አምፔር ሲስብ 0.85 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል ማለት ነው። ከቻርጀሩ 5.1 ቮልት ቢወጣ ቦርዱ የሚያገኘው 4.25 ነው። ራስፕቤሪ ፓይ የቮልቴጅ ማነስ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው 4.63 አካባቢ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ኬብል ማስጠንቀቂያው ከመጣ ቆይቷል። ሽቦው 20 ጌጅ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ርዝመትና በዚሁ ከረንት የሚጠፋው 0.13 ቮልት ብቻ ነበር። የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ሽቦው እንደሚወፍር ልብ ይበሉ። ኬብሉ የወፈረ የሚመስለው በላስቲኩ ሊሆን ስለሚችል በዓይን መገመት ዋጋ የለውም።

ዋትም እንደዚሁ ያታልላል። «የላፕቶፕ ቻርጀር ነው፣ 65 ዋት አለው» ይሉኛል። 65 ዋት የሚገኘው በ20 ቮልት ነው። ያው ቻርጀር በ5 ቮልት ብዙውን ጊዜ ከ3 አምፔር አያልፍም። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ደግሞ የተሠራው ለ5.1 ቮልት 5 አምፔር ነው። 3 አምፔር ሲያገኝ ይነሣል፣ ግን ለዩኤስቢ ወደቦቹ በሙሉ የሚፈቅደውን ከረንት 600 ሚሊአምፔር ላይ ይገድበዋል። ከዚያ ዲስኩ ይጠፋል፤ ሰዉም ዲስክ ሊቀይር ይሄዳል! የፓይ 4 ወደቦችም ቢሆኑ በአንድነት የሚሰጡት 1.2 አምፔር ብቻ ነው። ሁለት የሚሽከረከሩ ዲስኮች የሚያስፈልጉት ሰው የራሱ አዳፕተር ያለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ይግዛ፤ ሌላ መላ የለውም።

ሥራ በሌለበት መለካት

ቦርዱ ያለ ሥራ ተቀምጦ ሳለ ተለክቶ 5.05 ቮልት ተገኘ ማለት ምንም ማለት አይደለም። የሚለካው ዲስኩ እየጻፈ፣ ፕሮሰሰሩም በሙሉ አቅሙ እየሠራ ሳለ ነው፤ ቦታውም ቻርጀሩ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ያሉት የ5 ቮልት ፒንና የግራውንድ ፒን ናቸው። በራስፕቤሪ ፓይ 4ኛውና 6ኛው ፒን ማለት ነው።

እዚህ ላይ እጅግ ይጠንቀቁ። እኔ የመልቲሜትሩ (የቮልቴጅ መለኪያው) ጫፍ አዳልጦኝ 1ኛውንና 2ኛውን ፒን አገናኝቼ ቦርድ ገድያለሁ። 1ኛው 3.3 ቮልት፣ 2ኛው 5 ቮልት ነው፤ ጎን ለጎን ናቸው። ድምፅም ጭስም አልነበረም፤ አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች፣ ቦርዱም ዳግመኛ አልተነሣም። የሰው ቦርድ ነበር፤ ተክቼለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ጠፍቶ ሳለ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ፒኖቹ ላይ እሰካና የምለካው በሽቦዎቹ ጫፍ ነው።

መልቲሜትር ዘገምተኛ መሆኑንም አይርሱ። ለጥቂት ሚሊሰከንድ ብቻ የሚወርድ ቮልቴጅ አይታየውም፤ ቦርዱን ለማደናቀፍ ግን ያ ይበቃል።

መጀመሪያ አጥፍቶ ማስነሣት

ራስፕቤሪ ፓይ የደረሰበትን ይመዘግባል። «ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት ትሮትልድ» (vcgencmd get_throttled) የሚለው ትእዛዝ መዝገቡን ያወጣዋል። ከ«ዜሮ ኤክስ» (0x) ቀጥሎ 0 ብቻ ካለ ከተነሣ ጀምሮ ምንም አልደረሰበትም። 50000 ከሆነ አሁን ደህና ነው፣ ቀደም ሲል ግን ቮልቴጅ አንሶት ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር። 50005 ከሆነ ችግሩ አሁንም አለ። የመጨረሻው አኃዝ 1 ወይም 5 ሲሆን ቮልቴጅ አሁን እያነሰው ነው፤ 8 ሲሆን ግን የሙቀት ገደብ ላይ ደርሷል። ሙቀትም የቮልቴጅ ማነስም ቦርዱን በተመሳሳይ መንገድ ያዘገዩታል፤ በስሜት መለየት አይቻልም፤ ይህ ቁጥር ግን ይለያቸዋል። ቦርዱ ሲነሣ መዝገቡ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሲዘገይ ወይም ሲያስቸግር አጥፍቶ ማስነሣት ማስረጃውን በገዛ እጅ ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ያንብቡ።

ማስጠንቀቂያውን መደበቅ

ቮልቴጅ ሲያንስ ስክሪኑ ላይ የምትወጣውን የመብረቅ ምልክት የምታስወግድ አንዲት የማስተካከያ ፋይል መስመር አለች፤ ጀማሪዎች እንደ መፍትሔ ይቀባበሏታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ካርዱ ውስጥ ያለው ፋይል ሲበላሽ ምልክቷ ትናፍቃለች።

ሙቀትን በአንድ ደቂቃ መፍረድ

ሙቀት ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ችኮላ አለ፦ ቦርዱ እንደተነሣ 45 ዲግሪ አንብቦ «ደህና ነው» ማለት። ሽፋኑ ተዘግቶ፣ አራቱም የፕሮሰሰሩ ኮሮች በሙሉ ሥራ ላይ ሆነው ቢያንስ 20 ደቂቃ ይቆይ። ፓይ 4 ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፣ 85 ላይ አጥብቆ ይቀንሳል። ፓይ 3 ቢ ፕላስ ግን ገና በ60 ዲግሪ ከ1.4 ወደ 1.2 ጊጋኸርዝ ይወርዳል፤ ብዙዎች ይህን ብልሽት ይመስላቸዋል።

የክፍሉንም ሙቀት ይመዝግቡ። የክፍሉ ሙቀት ከነበረበት 13 ዲግሪ ሲጨምር የቦርዱም በዚያው ልክ ገደማ ይጨምራል። በ22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 70 ላይ የቆመ ቦርድ በ35 ዲግሪ ክፍል ወደ 83 ይደርሳል ማለት ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት የተፈተነ ቦርድ ቀትር ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

ማቀዝቀዣ ብረቱን ያላግባብ መለጠፍ

ከሥሩ ያለችውን ስስ ላስቲክ ሳይልጡ ለጥፈው የመጡ አሉ። ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የዩኤስቢው ቺፕ ላይ ለጥፎ የመጣም አለ።

መሰኪያው ስለገባ ብቻ መሰካት

ክቡ መሰኪያ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቮልቴጁ አንድ ነው ማለት አይደለም። ኦድሮይድ ኤክስዩ4 የተባለው ቦርድ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ኦድሮይድ ኤን2 ብዙውን ጊዜ ከ12 ቮልት አዳፕተር ጋር ይሠራል። የኋለኛውን አዳፕተር ለፊተኛው የሰጠ ሰው ምርመራ አያስፈልገውም፤ ቦርዱ ሄዷል። ጄትሰን ናኖ በተባለው ቦርድ ላይ ደግሞ ጄ48 የተባለው ጃምፐር (ሁለት ፒኖችን የሚያገናኝ ትንሽ ክዳን) ካልተገጠመ ክቡ መሰኪያ ኃይል አይሰጥም፤ ሰዎች ግን አዳፕተሩ ሞቷል ብለው ይጥሉታል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር

ወደ ወጣቱ ልመለስ። አዲስ አዳፕተር፣ አዲስ ካርድና አዲስ ማራገቢያ በአንድ ላይ ሊገዛ ተነሥቶ ነበር። «ቆይ፣ ኬብሉን ብቻ እንቀይር» አልኩት። አጭርና ወፍራም ኬብል አስገባን፤ ሌላው እንዳለ ቀረ። ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር ቮልቴጁ 4.96 ላይ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ ፋይል ሲገለብጥ አደረ፤ ጠዋት መዝገቡን ሲያነበው 0 ነው። ከዚያ አንዱን ማራገቢያ ነቀለና በሙሉ ሥራ ለግማሽ ሰዓት ተወው፤ 66 ዲግሪ። ሁለተኛውን ነቅሎ 79 ሲያይ መልሶ ገጠመው።