ሲቆራረጥ መጮህ እና ሌሎች የሞባይል ድምፅ ስህተቶች

ሲቆራረጥ መጮህ። «ሄሎ? ሄሎ? ይሰማል?» እያሉ ድምፅን ከፍ ማድረግ በአናሎግ ስልክ ዘመን ትንሽ ትርጉም ነበረው። እዚያ ሲግናል ሲደክም ሽሽ የሚለው ድምፅ ቀስ በቀስ እየጨመረ ይመጣል፤ ጮክ ያለ ሰው ከሽሽታው በላይ ሊሰማ ይችላል። ጂኤስኤም (ዲጂታሉ የሞባይል ስልክ ሥርዓት) ግን ንግግሩን በየ20 ሚሊሰከንዱ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በ260 ቢት (የ0 እና 1 ምልክቶች) አሽጎ ይልካል። አንዱ መንገድ ላይ ከጠፋ ተቀባዩ ስልክ የቀደመውን ይደግመዋል። ያ ሮቦት የሚመስለው ድምፅ ከዚሁ ይመጣል። መጥፋቱ ከቀጠለ ድምፁን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ ጭራሽ ያጠፋዋል። ጩኸት የጠፋ ቢት አይመልስም፤ እንዲያውም ማይኩን ከአቅሙ በላይ እየገፋ ንግግሩን ያሻክረዋል። ወደ መስኮት ጠጋ ይበሉ፣ ካልሆነ ዘግተው እንደገና ይደውሉ።

ዲጂታል ምንጊዜም ይበልጣል ማለት። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ ላይ ሥራ የጀመረው የአሜሪካ አናሎግ ኔትወርክ ለአንድ ጥሪ 30 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ስፋት ይመድብ ነበር። የተከተለው ዲጂታል ዘዴ ያንኑ 30 ኪሎኸርዝ ለሦስት ጥሪ አካፍሎ፣ ንግግሩን በሰከንድ ወደ 8 ኪሎቢት ገደማ ጨመቀው። ታወር አጠገብ ለቆመ ሰው አሮጌው አናሎግ ይበልጥ የሰው ድምፅ ይመስል ነበር። መጀመሪያ የተገኘው ትርፍ በዚያው ሞገድ ብዙ ጥሪ ማስተናገድ እንጂ የጥራት አልነበረም። ኢትዮጵያ ይህን ሽግግር አላየችውም፤ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሞባይል ሲገባ በቀጥታ በጂኤስኤም ነው።

ሲግናሉ ሙሉ ስለሆነ መተማመን። ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች በዋናነት የሚያሳዩት የሲግናሉን ጉልበት ነው። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ሌላ ታወር ጣልቃ ከገባ ሙሉ ሆኖም ይቆራረጣል።

ጥራትን በዘፈን መፈተሽ። ስልኩ ድምፅን የሚጨምቅበት ዘዴ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ ሙዚቃ ቢያበላሽ አይፍረዱበት።

ኤችዲ (ጥራቱ ከፍ ያለ) ድምፅን ከአንድ ወገን መጠበቅ። ተራው ጥሪ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ ያሳልፋል፤ ኤችዲ ከ50 እስከ 7000። ለዚህ ሁለቱም ስልኮች፣ በመካከል ያለው ኔትወርክም ሊደግፉት ይገባል። አንዱ ስልክ ወደ 2ጂ ከወረደ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም በጠባቡ ይነጋገራሉ። ሴቲንግ ውስጥ ቮልቲ (VoLTE፣ በ4ጂ ኔትወርክ መደወል) መብራቱን ይዩ።

ማይኩን ሸፍኖ ኔትወርክን መውቀስ። ብዙ ስልኮች ከታች ካለው ማይክ ሌላ፣ የአካባቢን ጫጫታ የሚያጣራ ሁለተኛ ማይክ ከላይ ወይም ከጀርባ አላቸው። ከቨር ወይም ጣት ከከደነው ማጣሪያው ይሳሳትና የእርስዎኑ ድምፅ ይቆርጣል። ከቨሩን አውልቀው በድምፅ መቅጃ 10 ሰከንድ ያህል ይቅዱ። ቅጂውም የታፈነ ከሆነ የታችኛው የማይክ ቀዳዳ ቆሻሻ ይዞ ይሆናል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት፣ መርፌ ግን አያስገቡ።

የራስዎ ድምፅ ሲያስተጋባ ስልክዎን መጠርጠር። ብዙውን ጊዜ ድምፅዎን መልሶ የሚልከው የዚያኛው ሰው ስፒከር ነው። ስፒከሩን እንዲያጠፋ ወይም ድምፁን እንዲቀንስ ይንገሩት።