ወደ ሀገር ቤት በርካሽ ለመደወል፦ መጀመሪያ የሚያነሳውን ሰው ስልክ እዩ

ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የሚደውል ሰው ሁሌ የሚጠይቀው «የቱ አፕ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አሁን ግን መጀመሪያ የማየው የራሴን ስልክ ሳይሆን የሚያነሳውን ሰው ስልክ ነው። እናታችሁ የያዘችው ስማርት ስልክ ከሆነና ዳታ ካለው፣ በነፃ ታወራላችሁ ማለት ይቻላል። የያዘችው በተን ስልክ ከሆነ ግን እናንተ የፈለገውን ያህል ውድ ስልክ ብትይዙም በደቂቃ መክፈላችሁ አይቀርም። ስለዚህ መንገዱ እንደ ሰዉ ይለያያል። ገንዘብ የሚያስጨርሰን አንድ አፕ አውርደን ለሁሉም ሰው በእሱ መደወላችን ነው።

አንደኛ፦ የምትደውሉላቸውን ሰዎች ጻፉ

ወረቀት ያዙና አዘውትራችሁ የምትደውሉላቸውን ሰዎች ስም ጻፉ። ሲቆጠሩ ብዙ አይሆኑም። ከስሙ ጎን ሦስት ነገር አስፍሩ። ስልኩ ምን ዓይነት ነው? ሰፈሩ ላይ ኢንተርኔት ይሠራል? ቤት ውስጥ ወይም ጎረቤት ስማርት ስልክ ያለው ሰው አለ?

ሦስተኛዋን ጥያቄ አትዝለሏት። እናቴ የምትኖረው ምሥራቅ ጎጃም፣ ከከተማ ወጣ ያለ ቀበሌ ነው። ስልኳ በተን ነው። እንድትቀይረው ብለምናትም አልፈለገችም። ባትሪው ለቀናት ይቆይላታል፤ መብራት በሚጠፋበት ቦታ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የጎረቤታችን ልጅ ግን ስማርት ስልክ አለው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ሲፈላ፣ ስልኩን ይዞ ይመጣላታል። ዳታውን የምሞላለት እኔ ነኝ። እናቴ ፊቴን አይታ «ከስተሃል ልጄ» ትለኛለች። በሳምንቱ መሀል ደግሞ አጠር አድርጌ በኖርማል፣ ማለትም ያለ ኢንተርኔት በስልክ ቁጥሯ፣ እደውልላታለሁ። ሁለቱን መንገድ ማቀላቀል ከጀመርኩ ወዲህ የወር ወጪዬ ከግማሽ በታች ወርዷል።

ሁለተኛ፦ ኢንተርኔት ላለው ሰው ነፃውን መንገድ አመቻቹ

የቱ አፕ? እነሱ ስልክ ላይ ያለው። ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሞ፣ ቫይበርና ሜሴንጀር ከአፕ ወደ አፕ ሲደወል የሚበሉት ዳታ ብቻ ነው። አባታችሁ ኢሞ ከለመዱ እናንተ ኢሞ አውርዱ። በዕድሜ የገፋ ሰው አዲስ አፕ ከሚለምድ እናንተ ብትለምዱ ይቀላል።

ነፃ የሚሆነው ግን ለእናንተ ነው። እናንተ ቤት ዋይፋይ አለ። እዚያ ያለው ሰው ዳታ የሚገዛው ከኪሱ ነው፤ ብዙዎች ደግሞ ገንዘቤን ጨረሳችሁብኝ ማለት ያፍራሉ። ዝም ብለው ስልኩን አያነሱም፤ እኛ ደግሞ ኔትወርክ የለም ብለን እናስባለን። ስለዚህ ፓኬጁን እናንተ ግዙላቸው። ከውጭ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ካርድ የሚሞሉ አገልግሎቶች ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ቴሌብር ያለው ወንድም ወይም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ በእሱ በኩል ይገዛል። ካርድ ብቻ ከላካችሁ በኢትዮ ቴሌኮም መስመር *999# ተደውሎ ፓኬጅ መመረጥ አለበት። ፓኬጅ ሳይገዛ ዳታ ከተከፈተ የላካችሁት ካርድ ወዲያው ያልቃል። ይሄን ለሚረዳቸው ልጅ አስረግጣችሁ ንገሩት።

ቀጥሎ ዳታውን ቆጥቡላቸው። በድምፅ ብቻ ማውራት በደቂቃ ከ1 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ቪዲዮ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበላል። በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» በሚለው ስር፣ በቴሌግራም ደግሞ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ፣ ጥሪው ትንሽ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርግ ምርጫ አለ። በሁለቱም ስልክ ላይ ክፈቱት። መስመሩ ሲቆራረጥ ደግሞ ደጋግሞ ከመደወል የድምፅ መልእክት ይሻላል። ቴሌግራም ላይ የሁለት ደቂቃ ቮይስ ብትልኩ፣ ኔትወርኩ ሲመጣ ይደርሳል። እናቴ የእኔን ቮይስ ለጎረቤት ሁሉ ታሰማበታለች።

ዓረብ ሀገር ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዱባይና ሌሎቹ የኤምሬትስ ከተሞች ውስጥ የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም፤ ጽሑፉና ቮይሱ ግን ይሠራል። ለጥሪ የተፈቀዱ አፖች አሉ፤ ቦቲም አንዱ ነው። ቤተሰብ ስልክ ላይም ቦቲም ተጭኖ ከጠበቃችሁ ትገናኛላችሁ። ቪፒኤን (ያላችሁበትን ሀገር ደብቆ እገዳ የሚያልፍ አፕ) ጭናችሁ ለማለፍ ግን አትሞክሩ። የሀገሪቱ ሕግ ወንጀል ለመሥራት ወይም ለመሸፈን ቪፒኤን በተጠቀመ ሰው ላይ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም ቅጣት አስቀምጧል። ለስልክ ጥሪ ተብሎ የሚገባበት ነገር አይደለም። ሳዑዲ በ2017 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ጥሪ እገዳዋን አንስታለች።

ሦስተኛ፦ ለበተን ስልክ ትክክለኛውን ዋጋ አስሉ

ወደ ኢትዮጵያ በኖርማል መደወል ወደ ብዙ ሀገሮች ከመደወል ይወደዳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጥሪያችሁ ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ የሚቀበለው ድርጅት ከላከው ድርጅት በደቂቃ የመቀበያ ክፍያ ይጠይቃል። ህንድን በመሳሰሉ ሀገሮች ይሄ ክፍያ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ጥሪው ርካሽ ነው። የእኛ ግን ከፍ ያለ ነው። የትኛውም ሕጋዊ አገልግሎት ከዚያ ክፍያ በታች ሊሸጥላችሁ አይችልም።

መጀመሪያ መሸሽ ያለባችሁ ከራሳችሁ ሲም ያለ ምንም ፓኬጅ መደወልን ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄ በደቂቃ ከ1 ዶላር በላይ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። ዋይፋይ ላይ ሆናችሁ በኖርማል ብትደውሉም ያው ነው። ዋይፋይ ኮሊንግ ጥሪውን በኢንተርኔት ያሳልፈዋል እንጂ የውጭ ጥሪነቱን አያስቀረውም። በዚህ ብዙ ሰው ተጎድቷል።

የሚሻሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከአፕ ወደ ኖርማል ስልክ የሚደውል ነው፤ ቫይበር አውት እንዲህ ነው። ስካይፕም ለዚህ ይጠቅመን ነበር፤ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ግን ተዘግቷል። ሁለተኛው እናንተ ያላችሁበት ሀገር ውስጥ ያለ የአካባቢ ቁጥር ላይ ደውላችሁ ወደ ኢትዮጵያ የሚያሻግራችሁ ነው። ሬብቴል በዚህ መንገድ ይሠራል። የእናንተ ፓኬጅ የሀገር ውስጥ ጥሪ የማይገደብ ከሆነ ይሄኛው ጥሩ ነው፤ በእናንተ በኩል ኢንተርኔት አይፈልግም።

ዋጋ ስታወዳድሩ ማስታወቂያው ላይ ያለውን አትመኑ። ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ እንደመጣሁ ከአንድ ሱቅ የስልክ ካርድ እገዛ ነበር። ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አንድም ቀን ሞልቶልኝ አያውቅም። ኋላ ላይ ከጀርባው ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አነበብኩት። መስመር ሲገናኝ የሚቆረጥ ገንዘብ አለ። በየሳምንቱ የሚቆረጥ አለ። ከአንድ ደቂቃ በሰከንድ ያለፈ ጥሪ እንደ ሦስት ደቂቃ ይቆጠራል። ቀኑ ካለፈ ደግሞ የቀረው ይቃጠላል። ያ ገንዘብ አሁንም ያንገበግበኛል፤ ያኔ ሳንቲም ቆጥሬ ነበር የምኖረው።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የከፈላችሁትን፣ በእውነት ባወራችሁበት ደቂቃ አካፍሉ። 10 ዶላር ከፈላችሁ እንበል። አራት ጊዜ ደወላችሁ፤ 12፣ 9፣ 15 እና 8 ደቂቃ አወራችሁ። ድምሩ 44 ነው። 10 ለ44 ሲካፈል ወደ 23 ሳንቲም ይመጣል። ማስታወቂያው 12 ሳንቲም ካለ፣ 83 ደቂቃ ማውራት ነበረባችሁ። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ሁለተኛ አትሙሉት። አዲስ አገልግሎት ስትሞክሩም በትንሹ ገንዘብ ጀምሩ። ከደወላችሁ በኋላ የቀረውን ሂሳብ እዩ። ለሞባይልና ለመደበኛ ስልክ ያለውን ዋጋም ለየብቻ ተመልከቱ።

ከሌሎቹ ሁሉ በጣም የረከሰ ነገር ስታገኙ እናታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ስደውል የሚታይሽ ቁጥር ምን ይላል?» ከዋሽንግተን ደውላችሁ በ09 የሚጀምር የሀገር ውስጥ ቁጥር ከታያት፣ ጥሪው የገባው በሲም ቦክስ ነው። በኢንተርኔት መጥቶ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በተደበቀ መሣሪያ ላይ በተሰካ ሲም እንደ ሀገር ውስጥ ጥሪ ሆኖ ያልፋል። የመቀበያ ክፍያውን ስለሚያመልጥ ነው የሚረክሰው። ይሄ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የሚያስቀጣ ሥራ ነው። ለእናንተም አይመችም። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ሲሙ ሲዘጋ ጥሪው አብሮ ይቋረጣል፣ እናታችሁ መልሳ ስትደውል የማታውቀውን ቁጥር ታገኛለች። ከዚያ አገልግሎት ውጡ።

አራተኛ፦ ቁጥሩን በትክክል መዝግቡ

የኢትዮጵያ መለያ 251 ነው። ከፊት ያለው 0 ይወጣል። 09 ያለው ቁጥር +251 9 ብሎ ይጀምራል። የሳፋሪኮም 07 ደግሞ +251 7 ይሆናል። የመደበኛ ስልክም እንዲሁ ነው፤ አዲስ አበባ 011 ወደ +251 11፣ ባሕር ዳርና ጎንደር 058 ወደ +251 58፣ ሐዋሳ 046 ወደ +251 46 ይቀየራል። የመደመር ምልክቷን 0ን ተጭናችሁ ስትቆዩ ታገኟታላችሁ። ሁሉንም ቁጥር በ+251 መዝግቡ። እንዲህ ከሆነ ከየትኛውም ሀገር ይሠራል፣ ዋትስአፕና ቴሌግራምም ሰውየውን ያገኙታል።

በመደበኛ ስልክ ወይም በካርድ ስትደውሉ መውጫ ቁጥር ያስፈልጋል። ከአውሮፓና ከዓረብ ሀገራት 00 ነው። ከአሜሪካና ከካናዳ 011 ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚምታታው፤ 011 የአዲስ አበባም ቁጥር ነውና። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የቤት ስልክ ሲደወል 011 251 11 ተብሎ ቁጥሩ ይቀጥላል። 0911 ብሎ የሚጀምር ሞባይል ስትደውሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። መውጫውንና 251ን ረስታችሁ በ911 ከጀመራችሁ የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ይነሳል። ከተነሳ አትዝጉት፤ በስህተት ነው ብላችሁ አስረዱ። ዝም ብላችሁ ከዘጋችሁ ሰው ሊልኩ ይችላሉ።

አምስተኛ፦ ሰዓቱን ተነጋገሩ

ኢትዮጵያ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀይርም። እኛ ያለንበት ሀገር ግን ይቀይራል። ዋሽንግተን ከኅዳር እስከ መጋቢት መጀመሪያ ግድም በ8 ሰዓት፣ ከዚያ ውጭ በ7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ጀርመን በ2 ወይም በ1 ሰዓት ትቀራለች። እስራኤል በብርዱ ወቅት በ1 ሰዓት ትቀራለች፤ በሙቀቱ እኩል ነን። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው። ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

ለዋሽንግተን ሰው በብርዱ ወቅት በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 10 ሰዓት ላይ መደወል ጥሩ ነው። እዚያ በሀገር ቤት አቆጣጠር ማታ 12 ሰዓት ነው፣ ሰው ቤቱ ይገባል። ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ መቁረጥ ገንዘብም ይቆጥባል። የሚደወልለት ሰው ስልክ ይዞ ስለሚጠብቅ «ቆይ ልጥራት» እየተባለ ደቂቃ አይባክንም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካና ዒድ ላይ መስመሩ ይጨናነቃል። ዋዜማውን ደውሉ።

ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ ለሚደውል ሰው ምክሬ አጭር ነው። በዳታ ደውሉ፤ ካልሆነ ከመስመራችሁ ላይ ለውጭ ጥሪ የተዘጋጀ ፓኬጅ ካለ እዩ። ብዙ ቤተሰብ ግን ሚስኮል አድርጎ ይጠብቃል፤ ያ ጥሩ ልማድ ነው። ቁጥሩን በማታውቁት የውጭ ሚስኮል ላይ ግን መልሳችሁ አትደውሉ። አንዴ ጠርተው የሚዘጉት ውድ መስመር ላይ ሊያስደውሏችሁ ነው። አፕ ስትጭኑላቸው በኤስኤምኤስ የሚመጣውንም ኮድ ለማንም እንዳይሰጡ ንገሯቸው። «ልጅሽ ነው የላከኝ» ብሎ ቢጠይቅ እንኳን።

የመጨረሻው ነገር መጠባበቂያ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮም አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ነፃዎቹ አፖች ሁሉ ዝም አሉ። እናቴን ያገኘኋት፣ የድምፅ መስመሩ በሠራባቸው ቀናት፣ በዚያችው በበተን ስልኳ ነው። ስለዚህ ወደ ኖርማል በሚደውል አገልግሎት ላይ ጊዜው የማያልፍበት 5 ዶላር ሁልጊዜ ይኑራችሁ። የእናታችሁን፣ የአንድ ጎረቤትና የአንድ ከተማ ያለ ዘመድ ቁጥር ደግሞ በ+251 ጽፋችሁ ከስልካችሁ ውጭ፣ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። የእኔ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል።