የእንግሊዝን የድሮ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

"መቼ ነው የተሠራው?" ብሎ አንድ ዓመት መጠበቅ ዋናው ስህተት ነው። የመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ አጥቢያዎች ለዘመናት ሲፈርሱ፣ ሲሰፉ፣ ሲቀጠሉ የኖሩ ናቸው። ጫፉ ሾል ያለ ቅስት ካያችሁ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ የመጣ ነው። ክብ ቅስት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይቀድማል። ግን ክብ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ሥራ ነው አትበሉ። የብሪክስዎርዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስቶች ክብ ናቸው፤ ከሮማውያን ፍርስራሽ በተለቀመ ጡብ የተሠሩትም ኖርማኖቹ ከመድረሳቸው በፊት ነው።

ወጪውን በሙሉ አንድ ሰው የቻለ የሚመስላቸውም አሉ። በልማዱ መሠረት መሠዊያው ያለበትን ምሥራቃዊ ክፍል የሚያድሰው የደብሩ አለቃ ነበር። ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍል ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ያድሳል። ስለዚህ ሁለቱ አለመመጣጠናቸው ብዙ ጊዜ የኪስ ጉዳይ ነው። ሳፎክ በሚባለው የምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃ ውስጥ የላቨንሃምን ቤተ ክርስቲያን ብታዩ፣ ምሥራቃዊው ክፍል የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የሕዝቡ ክፍልና የደወሉ ማማ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው የመጡ ናቸው። የሱፍ ጨርቅ ነጋዴዎቹ ከብረው፣ የአካባቢው ባላባትም ገንዘብ ጨምሮበት፣ መስኮቱ ሰፍቶ ጣሪያው ከፍ ብሏል።

ነጩ ግድግዳ ብዙ ሰው ያታልላል። "እንዴት ደስ የሚል ጭምትነት!" ይባላል። ያ ጭምትነት ግን እንግሊዝ ፕሮቴስታንት ከሆነችበት ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የሃይማኖት ተሐድሶ ወዲህ የተቀባ ኖራ ነው። ከዚያ በፊት ግድግዳው በሥዕል የደመቀ ነበር። እዚያው ሳፎክ ውስጥ፣ ዌንሃስተን በምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያን፣ እ.ኤ.አ. በ1892 ለእድሳት ሲባል የተነቀሉ ኖራ የተቀቡ ሳንቃዎች ግቢው ውስጥ ተጥለው አደሩ። ሌሊት ዝናብ መታቸው። ኖራው ሲታጠብ የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ብቅ አለ፦ ክርስቶስ ቀስተ ደመና ላይ ተቀምጧል፣ ቅዱስ ሚካኤል ነፍሳትን ይመዝናል፣ ንጉሡና ጳጳሱ ዘውዳቸውንና ቆባቸውን ብቻ ደፍተው ራቁታቸውን ጴጥሮስ ፊት ቆመዋል። መሐል ላይ ያለው ባዶ ቅርጽ የስቅለቱ ሐውልት የነበረበት ቦታ ነው። እኔን ከሥዕሉ ይልቅ የሚገርመኝ ያ ባዶ ቦታ ነው።

አግዳሚ ወንበሮቹንም ከመጀመሪያው የነበሩ አድርጋችሁ አትቁጠሯቸው። በብዛት የገቡት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ምዕመኑ፣ እንደኛው፣ ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። አቅመ ደካማ ግድግዳው ሥር ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ያርፋል።

በመጨረሻ፣ አስጎብኚዎች የሚወዷቸው ሁለት ተረቶች አሉ። እግሩን ያነባበረ የባላባት ሐውልት የመስቀል ጦርነት ዘማች ምልክት አይደለም፤ ያልዘመቱትም እንዲሁ ተቀርጸዋል። ዝቅ ብላ የተከፈተችው መስኮትም ለምጻሞች ቅዳሴ የሚያዩባት ናት ይባላል። ለምጻሞች ግን ከሕዝቡ ተለይተው የራሳቸው ጸሎት ቤት ነበራቸው። ብዙዎቹ አጥኚዎች መስኮቷ ቅዳሴው ላይ የሚደወለው ደወል ውጭ ላለው ሰው እንዲሰማ የተተወች ናት ይላሉ።