ሰብስክራይብ ከማድረጋችሁ በፊት በነፃ ተጫወቱ

የጠረጴዛ አርፒጂ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት፣ ታሪኩን አንድ ሰው የሚመራበት ጨዋታ) በኦንላይን ለመምራት የተነሳ ሰው፣ ተጫዋቾቹን ገና ሳይሰበስብ ለሰብስክሪፕሽን፣ ማለትም በየወሩ ወይም በየዓመቱ ለሚከፈልበት አገልግሎት፣ የባንክ ካርዱን ያወጣል። እኔም አውጥቻለሁ። የዓመቱን በአንዴ ከፈልኩ፣ ሦስት ጊዜ ተጫወትን፣ ከዚያ አንዱ ሥራ ቀየረ፣ አንዷ ወለደች፣ ቡድኑ ተበተነ። የከፈልኩት ዓመት ግን ገና ዘጠኝ ወር ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ደንብ ቀላል ነው፤ ጨዋታ ላይ ቢያንስ ሁለቴ ያላማረረኝን ችግር ለመፍታት አልከፍልም።

ጨዋታው ራሱ እኮ ብዙ አይፈልግም። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (በአጭሩ ዲ ኤንድ ዲ) እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ መጽሐፍ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነበር፣ ዛሬም ይሄው ይበቃል። ሌላው ነገር የሚመጣው ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ሲያቅታቸው፣ ወይም ጂኤሙ (ጨዋታውን የሚመራው ማለቴ ነው) ወረቀት ሲበዛበት ነው።

ሰብስክሪፕሽን ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። ሕጉንና የገጸ ባሕርይ ወረቀቱን የሚይዝ አለ፤ ለዲ ኤንድ ዲ ዋናው ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ነው። ካርታ ዘርግታችሁ ቶከን (ገጸ ባሕርዩን የሚወክል ምልክት) የምታንቀሳቅሱበት ምናባዊ ጠረጴዛ አለ፤ ሮል20፣ ፋውንድሪ፣ አውልቤር ሮዲዮ እዚህ ይገባሉ። ሦስተኛው የፈጠራችሁትን ዓለም ማስታወሻ የሚይዘው ነው፣ እንደ ወርልድ አንቪልና ካንካ። ችግሩ አንዱ የሌላውን ሥራ በከፊል ይሠራል። ሰው ሳያውቀው ለአንድ ነገር ሁለቴ የሚከፍለውም እዚህ ጋ ነው፤ አንዱን መጽሐፍ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ላይ ገዝቶ፣ ያንኑ ሮል20 ላይ እንደገና የገዛ ጂኤም ስንት አለ መሰላችሁ።

ለመጀመሪያው ጨዋታ እንዲህ አድርጉ። ድምፁን በዲስኮርድ፣ በቡድን በሚወራበት መተግበሪያ፣ አድርጉት። ምናባዊ ጠረጴዛዎች የራሳቸው ድምፅ ሊኖራቸው ይችላል፣ ግን ድምፁና ካርታው ሲለያዩ አንዱ ቢወድቅ በሌላው ትቀጥላላችሁ። ለካርታ አውልቤር ሮዲዮን ክፈቱ። ብሮውዘር ላይ ነው የሚሠራው፣ ተጫዋቾቹ ሊንኩን ተጭነው ይገባሉ፣ አካውንት ክፈቱ እያላችሁ ግማሽ ሰዓት አታባክኑም። ሥዕሉን ትጥላላችሁ፣ ፍርግርጉን ታስተካክላላችሁ፣ ያልታየውን ክፍል ጭጋግ ታለብሱታላችሁ፣ አለቀ። ሕጉንም ቢሆን መግዛት አይጠበቅባችሁም። የዲ ኤንድ ዲ መሠረታዊ ሕግ፣ ኤስአርዲ የሚባለው፣ ከጥር ወር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ፓዝፋይንደር የሚባለውን ሌላ አርፒጂ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ አርካይቭስ ኦፍ ኔቲስ የተባለው ገጽ ሕጉን በነፃ አስቀምጦላችኋል፣ ያውም ጥሩ ፍለጋ አለው። ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ላይም ነፃው አካውንት ስድስት ገጸ ባሕርያት ይይዛል። ለአንድ ተጫዋች ስድስት ምን አነሰው?

ጨዋታው እንዳለቀ፣ ገና ሳይረሳችሁ፣ የት የት እንደቆመ ጻፉ። አንድ ድግምት ምን እንደሚያደርግ ስትፈልጉ አሥር ደቂቃ ሄደ? ተጫዋቾች በሩ ሳይከፈት ከጀርባው ያለውን ጭራቅ አዩት? የአንዱ ኮምፒውተር ካርታውን መጫን አቃተው? ሁለት ሦስት ጨዋታ ላይ ያው ቅሬታ ከተደጋገመ፣ ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። ካልተደጋገመ ደግሞ በነፃው ቀጥሉ፣ ማንም አይታዘባችሁም።

ቅሬታው "ሕጉን ማግኘት አቃተን" ከሆነ፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ማስተር የሚባለው ደረጃ ነው። የሚገዛውም ለአንድ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ለማጋራት። አንድ ሰው መጽሐፎቹን በአካውንቱ ይይዛል፣ ካምፔይን (በተከታታይ የሚቀጥል አንድ ታሪክ) ይከፍታል፣ ማጋሪያውን ያበራል፣ ከዚያ የገባው ሁሉ ገጸ ባሕርይ ሲሠራ እነዚያን መጽሐፎች ይጠቀማል። ተጫዋቾቹ አምስት ሳንቲም አያወጡም። ከሥሩ ያለው ሂሮ የሚባለው ደረጃ በዋናነት የገጸ ባሕርያት ገደብ ነው የሚያነሳው፣ እሱን ለመግዛት በቂ ምክንያት ያለው ተጫዋች እስካሁን አላየሁም። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ወርሃዊ ክፍያው መጽሐፍ አይሰጥም። ማጋሪያውን እንጂ የሚጋራውን አልገዛችሁም። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

እና ደግሞ ስክሪን ላይ የተገዛ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ እንዳለው አይደለም። በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ገደማ (አሁንም እ.ኤ.አ.) ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ከመጽሐፍ ውስጥ የሚፈልጉትን ቁራጭ ብቻ መርጦ መግዛትን አስቀረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አዲሱ ሕግ ሲመጣ የድሮዎቹ ድግምቶችና ምትሃታዊ ዕቃዎች በአዲሶቹ ይተካሉ ተባለ፣ ተጫዋቹ ተቆጣ፣ ኩባንያውም በቀናት ውስጥ ውሳኔውን አጠፈ። ደግ ነው ማጠፉ። ግን የገዛችሁት ነገር በአንድ ማስታወቂያ ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቶናል። ስለዚህ በጣም የምትወዱትን አንድ መጽሐፍ በወረቀት ያዙት፣ ቀሪውን እንደፈለጋችሁ።

አሁን ወደ ዓይን ጉዳይ፣ ማለትም ተጫዋቾች ማየት የሌለባቸውን ወደማየታቸው፣ እንምጣ፣ እኔ ለእሱ ስከፍል ቅር ብሎኝ አያውቅም። እያንዳንዱ ተጫዋች የሚያየው የራሱ ገጸ ባሕርይ የሚያየውን ብቻ ሲሆን ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል። ችቦ የያዘው ሲርቅ የቀረው በጨለማ ይዋጣል፣ የተጫዋቾቹ ድምፅ ራሱ ይቀየራል። ሮል20 ላይ ይሄ ዳይናሚክ ላይቲንግ ይባላል፣ በነፃው አካውንት የለም፣ በፕላስ ይከፈታል። ከፕላስ በላይ ያለው ፕሮ ዋናው ጥቅሙ ስክሪፕት ማስገባት ነው። ስክሪፕት ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ ፕሮ ለእናንተ አይደለም፣ ለጊዜው። እዚህም የሚከፍለው ጨዋታውን የከፈተው ሰው ብቻ ነው።

አሠራሩ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ካርታው ስንት ካሬ (የፍርግርጉ አንድ ሳጥን) እንደሆነ ቁጠሩ። ሮል20 ላይ አንድ ካሬ የሚለካው በ70 ፒክሰል ነው፣ ስለዚህ 30 በ20 የሆነ ካርታ 2100 በ1400 ፒክሰል ይሆናል። ሥዕላችሁ ከዚህ እጥፍ ቢሆን ያምራል፣ አሥር እጥፍ ከሆነ ግን የሰውን ኮምፒውተር ነው የምትገድሉት፣ አሳንሳችሁ ጫኑት። ገጹን 30 በ20 አድርጉት፣ ሥዕሉን የካርታ ሌየር (ንብርብር) ላይ አስቀምጡና እስከ ጠርዙ ዘርጉት። ቶከን ሌየር ላይ ከረሳችሁት ቶከን ልታንቀሳቅሱ ስትሉ ቤተ መንግሥቱ እንዳለ ተነስቶ ይሄድባችኋል። የፍርግርጉ መስመር ከሥዕሉ ጋር ካልገጠመ ሥዕሉን አስተካክሉ እንጂ ፍርግርጉን አትነካኩ።

ከዚያ በገጹ ሴቲንግ ውስጥ ዳይናሚክ ላይቲንግን አብሩ፣ ወደ ላይቲንግ ሌየር ሂዱና በግድግዳዎቹ ላይ መስመር አስምሩ። መስመሩን ከግድግዳው ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ ድንጋዩ መሃል አድርጉት፤ ያኔ ተጫዋቹ የግድግዳውን ፊት ያያል፣ ከኋላው ያለውን አያይም። እያንዳንዷን ጠጠር አትክበቡ። መስመር በበዛ ቁጥር ደካማ ላፕቶፕ ይንተፋተፋል።

አሁን ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ቶከኑ የማን ገጸ ባሕርይ እንደሆነ ካልነገራችሁት፣ ያንን ገጸ ባሕርይ ማን እንደሚቆጣጠረው ካልመረጣችሁ፣ እና የቶከኑን ዕይታ ካላበራችሁ፣ ተጫዋቹ የሚያየው ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። መጀመሪያ ጊዜ የሠራሁ ቀን አምስት ሰው ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ "ኢንተርኔቴ ነው መሰለኝ" ሲል፣ እኔ የራሴን የጂኤም ዕይታ እያየሁ "እኔ ጋ እኮ ይታያል" እያልኩ አርባ ደቂቃ አለፈ። ብርሃንም ለየብቻ ይሰጣል። በዲ ኤንድ ዲ ችቦ 20 ጫማ ደማቅ፣ ከዚያ ተጨማሪ 20 ጫማ ደብዛዛ ብርሃን አለው፣ አንድ ካሬ ደግሞ 5 ጫማ ነው፣ ስለዚህ አራት ካሬ በደማቁ፣ አራት በደብዛዛው። በጨለማ የሚያዩ ዘሮች፣ ለምሳሌ ድዋርፍና ኤልፍ፣ የሌሊት ዕይታቸው ይሞላላቸዋል። ይሄን ስትጨርሱ "እንደ ተጫዋች ግባ" የሚለውን ተጠቅማችሁ በተጫዋች ዓይን እዩት። ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት፣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አይደለም።

ወርሃዊ ክፍያ ጨርሶ የማይዋጥላችሁ ከሆነ ፋውንድሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ነው የወጣው፣ አንዴ ይገዛል (50 ዶላር ነው ዋጋው)፣ የሚገዛውም ጂኤሙ ብቻ፣ ብርሃኑም ግድግዳውም አብሮት ይመጣል። በችሎታ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። ነገር ግን በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚነሳው፣ ተጫዋቾቹ ከውጭ እንዲገቡ ራውተር ላይ 30000 የሚባለውን ፖርት (የመግቢያ በር) መክፈት አለባችሁ፣ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ደግሞ ለደንበኛው የራሱን የብቻ አድራሻ አይሰጡትም፣ ያኔ ፖርቱን ብትከፍቱም ማንም አይገባም። መፍትሔው ፋውንድሪን በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያስነሳላችሁ እንደ ዘ ፎርጅ ያለ አገልግሎት መከራየት ነው። እሱ ደግሞ በየወሩ ይከፈላል። ሰብስክሪፕሽኑን በበር ብታስወጡት በመስኮት ተመለሰ ማለት ነው። ኢንተርኔታችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ግን ከሚከፈልባቸው ርካሹ ይሄው ነው፣ ዓመታት ለሚጫወት ቡድን።

ፋውንድሪ ላይ ሞጁል የሚባሉ ተጨማሪዎች አሉ፣ እንደ ቆሎ ይዘገናሉ። መጀመሪያ ቀን ሠላሳ አትጫኑ። አዲስ ስሪት ሲወጣ አንዱ ይሰበራል፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሠላሳውንም አንድ በአንድ ታጠፋላችሁ። ካምፔይን መሃል ላይ ከሆናችሁ አታዘምኑ። የግድ ካስፈለገ መጀመሪያ ዩዘር ዳታ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ሌላ ቦታ ገልብጡት።

ለድምፅ አትቸኩሉ፤ ቴብልቶፕ ኦዲዮ ላይ ያሉት አሥር አሥር ደቂቃ የሚረዝሙ የድባብ ድምፆች በነፃ ናቸው፣ ለአብዛኛው ጨዋታ ይበቃሉ።

ለማስታወሻ ግን አጥብቄ የምለው አለ። የዓለማችሁን ታሪክ፣ የንጉሡን ምሥጢር፣ የከሃዲውን ስም፣ ክፍያ ሲቆም የሚቆለፍ ቦታ ላይ ብቻ አታስቀምጡ። እኔ ኦብሲዲያን ላይ ነው የምጽፈው፣ ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ሆነው ኮምፒውተሬ ላይ ይቀመጣሉ፣ ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋም ይከፈታሉ። የዓለም መገንቢያ ገጾቹ ያምራሉ፣ አልክድም፣ ግን ከመጻፋችሁ በፊት ማን እንደሚያየው አረጋግጡ። ነፃው ደረጃ ላይ የተጻፈው ለሰው ሁሉ ክፍት የሚሆንባቸው አሉ፣ ተጫዋቾቻችሁም ጉግል መጠቀም ያውቃሉ።

ገና ትኩስ የሆነ መሣሪያ ላይ ደግሞ ካምፔይናችሁን በሙሉ አትትከሉ። የዲ ኤንድ ዲ ባለቤቶች ራሳቸው ሲጊል የተባለ ባለ ሦስት አውታር ምናባዊ ጠረጴዛ በ2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አውጥተው፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበቱ። ትልቅ ስም ዋስትና አልሆነም።

ስለ አከፋፈሉም ሁለት ነገር ልበል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በወር በወር ክፈሉ፣ የዓመቱ ቅናሽ ቢያጓጓም። ቡድኑ ሦስት ወር ከዘለቀ ያኔ ወደ ዓመቱ ማለፍ ያዋጣል። ሁለተኛው፣ ለብቻችሁ አትሸከሙት። አምስት ሰው ሲካፈለው ለእያንዳንዱ ኢምንት ነው፣ ጂኤሙ ለዝግጅት የሚያጠፋው ሰዓት ደግሞ እንዳለ አለ፣ እሱን ማንም አይከፍለውም። መጠየቅ የሚከብዳችሁ ከሆነ አንዱን ተጫዋች ሰብሳቢ አድርጉት።

ካምፔይን ሲያልቅ ሰርዙ። የሚቀጥለው መቼ እንደሚጀመር ቀን ካልተቆረጠለት ሰርዙ። እኔ የምሰርዘው በመጨረሻው ጨዋታ ማታ ነው፣ በአብዛኛው የተከፈለበት ቀን እስኪያልቅ ይሠራልና ምንም አይጎድልብኝም። ከዚያ በፊት ግን ተጫዋቾቹ የገጸ ባሕርይ ወረቀታቸውን በፒዲኤፍ እንዲያወርዱ እነግራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም የማስተሩ ክፍያ ሲቆም መጋራቱም ይቆማል፣ በእኔ መጽሐፍ የተሠራ ገጸ ባሕርይ ያለው ሰው በኋላ ሊከፍተው ሲል የጎደለ ነገር ያገኛል። ሁሌም የማያወርድ አንድ ሰው አለ። የእሱን እኔ አወርድለታለሁ።