ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ክራሽ ደምፑን እንዲህ አንብቡት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት አንዲት እህት ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። በፈተና ሰሞን ወረፋው በር ላይ ቆሞ ስክሪኑ ሰማያዊ እየሆነ ይጠፋባታል። «ወንድሜ፣ ፎርማት አርግልኝና ልገላገል» አለችኝ። «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኳት።

እኛ ጋ የሁሉም መድኃኒት ፎርማት ነው። ይሄ ከልቤ ያናድደኛል። ከርነሉ፣ ማለትም የዊንዶውስ እምብርት፣ መቀጠል አደገኛ ሲሆንበት ራሱን ያቆማል። ሲያቆም በዚያች ቅጽበት ሚሞሪ ላይ የነበረውን ይጽፋል። ክራሽ ደምፕ የሚባለው ይህ ነው። ፎርማት ስታደርጉ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል።

መጀመሪያ መጻፉን አረጋግጡ። «ዲስ ፒሲ» ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ ግቡ። ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ሥር «ስሞል ሚሞሪ ደምፕ» የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ትንሽ ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ደምፑ መጀመሪያ የሚጻፈው ሲ ድራይቭ ላይ ባለው ፔጅ ፋይል፣ ማለትም ዊንዶውስ ሚሞሪ ሲጠበው በሚጠቀምበት የዲስክ ፋይል ውስጥ ነው። ወደ ራሱ ፋይል የሚገለበጠው ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ፔጅ ፋይሉን ካጠፋችሁት ምንም ላታገኙ ትችላላችሁ። ስክሪኑ ላይ ፐርሰንቱ እየቆጠረ እያለ ማጥፊያውን ከተጫናችሁ፣ ወይ መብራት ከሄደ፣ እንደዚያው ነው። መቶ እስኪሞላ ታገሱ።

ሲነሳ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሚኒደምፕ የሚለውን ክፈቱ። ፋይሎቹን ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉ። ከማይክሮሶፍት ስቶር ዊንዲቢጂ (WinDbg) የሚባለውን ደምፕ ማንበቢያ በነፃ አውርዳችሁ በእሱ ክፈቷቸው። የመጀመሪያው ጊዜ ይዘገያል፤ ደምፑ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ወደ ስም የሚተረጉሙ ሲምቦል የሚባሉ ፋይሎችን ከኢንተርኔት ያወርዳል። ከዚያ «አናላይዝ» የሚለውን ሰማያዊ ሊንክ ተጫኑ።

ከሚዘረግፈው ሁሉ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የስህተቱን ኮድ፣ ኢሜጅ ኔም ላይ ያለውን የፋይል ስም፣ እና ስታክ ቴክስት የሚለውን፣ ከመውደቁ በፊት የተሠራውን በቅደም ተከተል የያዘ ዝርዝር። ዝርዝሩ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የመጨረሻው ድርጊት አናቱ ላይ ነው። የዋይፋይ ወይም የግራፊክስ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ስም ደጋግሞ ከመጣ ድራይቨሩን ከአምራቹ ገጽ አድሱት። የዊንዶውስ የራሱ ከርነል ስም ከመጣ ግን አትፍረዱበት። ብዙ ጊዜ ሌላው ያበላሸው ነገር እሱ ላይ ሲደርስ ነው የሚወድቀው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን የጣለው የዊንዶውስ ጥፋት አልነበረም። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ድርጅት የላከው የተሳሳተ ፋይል ነበር።

ኮዱ 124 ከሆነ ወደ ሃርድዌሩ ሂዱ፤ ሙቀቱንም ፈትሹ።

የእህታችን ኮምፒውተር ሦስት ደምፕ ነበረው። ሦስት ኮድ፣ ሦስት የተለያየ ስም። እንዲህ ሲበታተን መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሙን፣ ማለትም የሚሞሪ ካርዱን ነው። ከፈትኩት። ራሞቹን አውጥቼ ጫፋቸውን በላጲስ ቀስ ብዬ ጠረግኩና መለስኳቸው። በሁለተኛው ቀን ያው ሰማያዊ ተመለሰ። ሁለቱን ራም ተራ በተራ ለየብቻ ሰክቼ በዊንዶውስ ሚሞሪ ዳያግኖስቲክ ፈተሽኳቸው። አንዱ ወደቀ። እሱን ብቻ ቀየርን። ስታበራው የፈተና ወረቀቶቹ ዴስክቶፑ ላይ እንዳሉ ነበሩ።