ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ከመከራከርህ በፊት ሒሳቡን እንዲህ ሥራ

ደብረ ማርቆስ ቡና ላይ ቁጭ ካልክ ይህ ክርክር አይቀርልህም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ግማሹ "ጎሽ!" ይላል፣ ግማሹ "የተጎዳው ድሃው ነው" ይላል። ከመጮህህ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አውጣ።

መጀመሪያ የወር የነዳጅ ወጪህን ጻፍ። በግምት ሳይሆን ደረሰኝ ሰብስበህ። ከጎኑ የቻርጅ ወጪውን አስቀምጥ። እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ያሸንፋል፣ አትድከም፤ መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው የሚመጣው፣ ነዳጁ ግን በዶላር ይገዛል።

የሚረሳው መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የአባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስትወርድ ሞተሩ ራሱ ባትሪውን ይሞላልሃል፣ ፐርሰንቱ ሲጨምር እያየህ ደስ ይልሃል። ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ስትወጣ ግን ያገኘኸውንም የነበረህንም ይበላዋል። ስለዚህ ሻጩ "በአንድ ቻርጅ ይሄዳል" ብሎ የነገረህን ርቀት እንዳለ አትመን፤ ሩቡን ቀንስና አስላ (እኔ ሲሶውን እቀንሳለሁ፣ ፈሪ ነኝ)።

መብራት የሚጠፋበትን ሰዓትም ቁጠር። ባትሪው ቢበላሽስ? በአካባቢህ ባለሙያ ከሌለ መኪናውን ባለሙያ ወዳለበት የማስጫኛውን ወጪ ጨምር።

ከዚያ "ማን ነው የሚከፍለው?" በል። እኔ ፖሊሲውን እደግፋለሁ፤ ግን የአገር ትርፍና የነዳጅ ሞተር ብቻ የሚያውቀው መካኒክ ኪሳራ አንድ ላይ አይደመርም፣ ለየብቻ ጻፈው። አሁን ቡናው ሳይቀዘቅዝ ወደ ክርክርህ ተመለስ።